የንግድ መርከብ ባሕረኞች የቀድሞ መዛግብትና የትውልድ ስፍራ አመዘጋገብ፤ ለነቀምቴና ለወለጋ ከተሞች ተገልጋዮች

የንግድ መርከብ ባሕረኛ መዝገብ የአገልግሎት ዘመንን ብቻ ሳይሆን ስምን፣ ዕድሜንና የትውልድ ስፍራንም ይይዛል። በመሆኑም ለጡረታ፣ ለውርስ ወይም ለዘር ሐረግ ማጣሪያ ሊያገለግል ይችላል። ሆኖም የወለጋ ተወላጅ በቀድሞ መዝገብ ዛሬ በሚታወቀው የቦታ ስም ላይገኝ ስለሚችል፣ ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት የሚከተሉትን ማወቅ ያስፈልጋል።

ታሪካዊ መነሻ

ወለጋ ከመርከብ ጋር የተዋወቀው በባሮ ወንዝ በኩል ነው። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በብሪታንያ መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ዳር የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። የወለጋና የኢሉባቦር ቡና በአጋሰስ ወደዚያ እየወረደ፣ ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። ጣቢያው ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ለኢትዮጵያ ተመልሷል።

የባሕር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ወጣ፤ የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ አክሲዮን ማኅበርም በ1956 ዓ.ም. ተመሠረተ። ይህ ተቋም በ2004 ዓ.ም. ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ የዛሬው የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሆኗል።

መዝገቡን ሲያነቡ ልብ የሚባሉ ነጥቦች

1. የቦታ ስም፦ ነቀምቴ በቀድሞ ጽሑፎች «ለቀምት»፣ ደምቢ ዶሎ ደግሞ «ሳዮ» ተብለው ይገኛሉ። በጠቅላይ ግዛቱ ዘመን የተመዘገበ ሰው በአውራጃው ስም፣ ማለትም በነቀምቴ፣ በአርጆ፣ በጊምቢ፣ በቄለም፣ በሆሮ ጉድሩ ወይም በአሶሳ ሥር ሊሰፍር ይችላል። አሶሳ ዛሬ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከተማ ናት።
2. የተቀጠረበት ወደብ፦ በመዝገቡ አሰብ ወይም ምጽዋ መጻፉ ባሕረኛው የዚያ ተወላጅ መሆኑን አያመለክትም።
3. የአባት ስም፦ በውጭ አገር መዝገብ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዝ ፍለጋው በሁለቱም ስሞች መደረግ አለበት። የኦሮምኛ ስሞች በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ተጽፈው ሊገኙ ይችላሉ።
4. የትውልድ ዘመን፦ በኢትዮጵያና በአውሮፓውያን አቆጣጠር መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ።

መዛግብት የሚጠየቁባቸው ተቋማት

የአገር ውስጥ ባሕረኛ የሥራ ማኅደር ጥያቄ ለኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ፣ የባሕረኛ ምስክር ወረቀት ጉዳይ ለኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ይቀርባል። የቆዩ የመንግሥት ሰነዶች በአዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ይጠየቃሉ። በብሪታንያ መርከቦች ላገለገሉ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ1863 እስከ 1938 ከተመዘገቡት የመርከብ ሠራተኞች ዝርዝሮች 70 በመቶ ያህሉ በካናዳ ኒውፋውንድላንድ በሚገኘው የሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ የባሕር ታሪክ ቤተ መዛግብት ተጠብቀዋል።

ከአመልካች የሚጠበቅ

አመልካች የባሕረኛውን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የሚታወቅ ከሆነ የመርከቡን ስምና ያገለገለበትን ዘመን፣ እንዲሁም የቀድሞውንና የአሁኑን የትውልድ ስፍራ ስም አዘጋጅቶ ቢቀርብ ፍለጋው ይቀላል። የባሕረኛ ደብተር፣ የቅጥር ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ ካለ ዋናው ሰነድ በቤተሰቡ እጅ ቆይቶ ቅጂው ይቀርባል። በመዝገቡና በመታወቂያው መካከል የስም ልዩነት ከተገኘ በዋናው መዝገብ ላይ ስርዝ ድልዝ ሊደረግ አይገባም፤ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው ሥልጣን ባለው አካል ሲረጋገጥ የባለመብቱ ጥያቄ ይጸናል።