«ማኅደር»ና ዲጂታል ክምችት፦ ስለ ሶፍትዌር አመራረጥ ታሪካዊ ማስታወሻ

«ማኅደር» ከግእዙ «ኀደረ» የወጣ ቃል ሲሆን፣ ነባር ፍቺው የብራና መጽሐፍ የሚከተትበት የቆዳ ማቀፊያ ነው። ኋላም በጽሕፈት ቤት ሥራ የአንድ ጉዳይ ሰነዶች ስብስብ መጠሪያ ሆኗል። ዛሬ ተቋማት የምርምር ጽሑፎቻቸውን በኮምፒዩተር የሚያኖሩበትን ክምችት «ዲጂታል ማኅደር» ብንለው አግባብ ይሆናል። መጠሪያው ስለ ሶፍትዌር አመራረጥም አንድ ቁም ነገር ያስገነዝባል፤ ማኅደር ሲያረጅ ይለወጣል፣ መጽሐፉ ግን ይኖራል።

የዚህ ዐይነቱ ክምችት ታሪክ ረጅም አይደለም። በ1991 እ.ኤ.አ. ፖል ጊንስፓርግ በሎስ አላሞስ የፊዚክስ ጽሑፎች ማሰራጫ አቋቋመ። በ1999 በሳንታ ፌ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች፣ ልዩ ልዩ ክምችቶች የሥራዎቻቸውን መግለጫ የሚለዋወጡበትን የጋራ ሥርዐት መሠረት ጣሉ። በ2000 የሳውዝአምፕተን ዩኒቨርሲቲ «ኢፕሪንትስ»ን፣ በ2002 የኤም አይ ቲ ቤተ መጻሕፍትና ሂውሌት ፓካርድ «ዲስፔስ»ን አወጡ። ሁለቱም ማንም እንዲጠቀምባቸውና እንዲያሻሽላቸው የተፈቀዱ ናቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመመረቂያ ጽሑፎቹን ክምችት በዲስፔስ አደራጅቷል።

በቂ ባለሙያ ለሌለው ተቋም ደግሞ በክፍያ የሚሰጥ አገልግሎት ቀረበ፤ ከነዚህ አንዱ የቢፕረስ «ዲጂታል ኮመንስ» ነው። በ2017 ቢፕረስ ለአሳታሚው ኤልሰቪየር ተሸጠ። በዚያው ዓመት የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሌላ ሥርዐት መፈለግ መጀመሩን አስታወቀ። ጽሑፎቹ የዩኒቨርሲቲው ቢሆኑም፣ የማኅደሩ ባለቤት የተለወጠው እርሱ ባልገባበት ውል ነበር።

በአማርኛ ለሚሠራ ተቋም ጉዳዩ ሌላም ገጽታ አለው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ የገባው በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለፊደላቱ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። መጽሐፉ ከማኅደሩ ጋር ተጣብቆ ነበር ማለት ነው።

ዩኒኮድ ይህን ችግር ቢያቃልልም ሁሉን አልፈታም። ሶፍትዌሩ ሞክሼ ፊደላትን እንዲያዛምድ ካልተደረገ፣ «ፀሐይ» ብሎ የሚፈልግ አንባቢ «ጸሀይ» ተብሎ የተመዘገበውን አያገኝም። የቤተሰብ ስም የሚጠይቅ ቅጽም የአባትን ስም አስቀድሞ ደራሲውን በአባቱ ስም ይመዘግበዋል። የዘመን አቈጣጠሩ ካልተገለጸ ደግሞ አንድ ሥራ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠርበታል።

ስለዚህ መራጩ ከዋጋና ከመልክ አስቀድሞ የሚከተሉትን ሊጠይቅ ይገባል። ጽሑፉና መግለጫው በሙሉ በታወቀ ቅርጽ ሊወጡ ይችላሉን? ውሉ ሲያበቃ በማን እጅ ይቀራሉ? ፍለጋው የፊደላችንን ጠባይ፣ ምዝገባውስ የስማችንን ሥርዐት ያውቃልን? መልሱ የሚታወቀው በሻጩ መግለጫ ሳይሆን ጥቂት የአማርኛ ሥራዎችን አስገብቶ፣ ፈልጎና መልሶ አውጥቶ በመፈተን ነው። በዚህም ፈተና የቴክኒክ ባለሙያው ብቻውን አይበቃም፤ የቋንቋ ባለሙያውም ከምርጫው በፊት ሊጠራ ይገባል።