ከሳህን የወጣ ወንበር

ስለ ምርጫ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንዲት አባባል አትጠፋም፤ «የኔ አንድ ድምፅ ምን ትፈይዳለች?» የምትል። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በአሌክሳንድሪያና በአርሊንግተን በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ደግሞ ይህች አባባል እንደ ቡና ቁርስ በየቤቱ ትቀርባለች። መሐላ ፈጽመው፣ ዜግነት ወስደው፣ የመራጭነት ካርድ በፖስታ ከመጣላቸው በኋላ እንኳ «ኧረ ተወኝ! ሁለት ፈረቃ እየሠራሁ ለማን ብዬ ነው የምሰለፈው?» የሚሉኝ ዘመዶች አሉኝ። እኔም በዚህ ጉዳይ ክርክሩን ትቼ፣ የአንዲት የምርጫ ወረዳን ታሪክ መንገር ይዣለሁ። ወረዳዋ እዚያው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከእነርሱ ሰፈር በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ርቃ የምትገኝ ናት። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ኒውፖርት ኒውስ የመርከብ ሠሪዎች ከተማ ናት። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ግዙፍ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች የሚወለዱት እዚያ ነው። የዛሬው ጨዋታችን ግን ስለ መርከብ ሳይሆን ስለ ወንበር ነው። የቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት 100 ወንበር አለው፤ ለያንዳንዱም በየሁለት ዓመቱ ምርጫ ይካሄዳል። የምክር ቤቱ የዘር ሐረግ ሲቆጠር እስከ 1619 ይደርሳል፤ በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር የቅኝ ግዛቲቱ ተመራጮች ጄምስታውን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበሰቡ። በወሩ ደግሞ ከዚያው አካባቢ፣ ፖይንት ኮምፈርት ከተባለው ወደብ፣ ሃያ ያህል አፍሪካውያን ምርኮኞች ከመርከብ ወርደው ተሸጡ። እንግዲህ መምረጥና መሸጥ በአንድ ክረምት፣ በአንድ ሰፈር ገቡ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የነበረው ታሪክ፣ «ማን ይምረጥ?» የሚለው ጥያቄ ታሪክ ነው። በ1902 የወጣው የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት፣ መምረጥ የፈለገ ሰው በዓመት 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ግብር ይክፈል አለ። ገንዘቧ ዛሬ ስትታይ ኢምንት ናት፤ ለዚያን ጊዜ ድሃ ግን ከምርጫ ጣቢያ በር የምትመልስ አጥር ነበረች። ብዙ ጥቁሮችን፣ ጥቂት የማይባሉ ድሃ ነጮችንም መልሳለች። በመጨረሻ አኒ ሃርፐር የተባሉ የፌርፋክስ ሴትና ኤቭሊን በትስ የተባሉ የኖርፎክ ልብስ ሰፊ ግዛቲቱን ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1966 ግብሩን ሻረው። ልብ በሉ! አንዲት ልብስ ሰፊ «የኔ ድምፅ ምን ትፈይዳለች» ብላ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የኛ ዘመዶች ካርዳቸውን መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጡበትም ዕድል አይኖርም ነበር።

አሁን ወደ ወረዳችን እንምጣ። ቁጥሯ 94 ነው። ለረጅም ጊዜ በሪፐብሊካኖች እጅ ነበረች፤ ከ2012 ጀምሮ ወንበሯን የያዙት አቶ ዴቪድ ያንሲ ናቸው። በ2015 ወይዘሮ ሼሊ ሳይመንድስ የተባሉ፣ የከተማዋ የትምህርት ቦርድ አባል የሆኑ ዴሞክራት ተወዳድረዋቸው በሰፊ ልዩነት ተሸነፉ። ሴትዮዋ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሰው መጡ።

ኅዳር 7 ቀን 2017 ሕዝቡ መረጠ። ከዚያ በፊት ምክር ቤቱ 66 ለ34 በሪፐብሊካኖች ብልጫ የተያዘ ነበር። በዚያች አንድ ምሽት ዴሞክራቶቹ 15 ወንበር ነጠቁና ነገሩ ሁሉ በ94ኛዋ ወረዳ ላይ ተንጠለጠለ። ወይዘሮ ሳይመንድስ ካሸነፉ ምክር ቤቱ 50 ለ50 ይሆናል፤ አቶ ያንሲ ካሸነፉ ሪፐብሊካኖቹ በ51 ለ49 ይቀጥላሉ። ውጤቱ ሲጸድቅ አቶ ያንሲ በ10 ድምፅ መሩ። ድጋሚ ቆጠራ ተጠየቀ። ታኅሣሥ 19 ቀን ወረቀቱ እንደገና ሲቆጠር ውጤቱ ተገለበጠ፦ ሳይመንድስ 11,608፣ ያንሲ 11,607። በአንድ ድምፅ! እንኳን ደስ ያለዎት ተባለ፤ ጋዜጦቹም ጻፉ።

በማግስቱ ሦስት ዳኞች አንዲት ወረቀት ይዘው ቁጭ አሉ። መራጩ ከሁለቱም ዕጩዎች ስም አጠገብ ያለውን ክብ አጥቁሯል፤ የሳይመንድስን ደግሞ በጭረት ሰርዞታል። ቆጣሪዎቹ «ለሁለት የተሰጠ ድምፅ ነው» ብለው ወደ ጎን አድርገዋት ነበር። ዳኞቹ ግን የመራጩ ሐሳብ ያንሲ ነው አሉና ቆጠሯት። 11,608 ለ11,608። በቃ፣ እኩል ለእኩል! ያ መራጭ ማን እንደሆነ በይፋ የሚታወቅ ነገር የለም። ብቻ የአንድ እስክሪብቶ ጭረት የአንድን ግዛት ምክር ቤት ለሁለት ሳምንት ትንፋሽ አሳጣች።

የቨርጂኒያ ሕግ እኩል ሲሆኑ ዕጣ ይውጣ ይላል። ጥር 4 ቀን 2018 ሪችመንድ ላይ የሁለቱ ስም በሁለት የካሜራ ፊልም ማስቀመጫ ውስጥ ገባ። ከሥነ ጥበብ ሙዚየም በውሰት በመጣ ሰማያዊና ነጭ የሸክላ ሳህን ውስጥም ተቀመጠ። የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ ጄምስ አልኮርን እጃቸውን ሰድደው አንዱን አወጡ። ዴቪድ ያንሲ።

እኛ ለዕጣ እንግዳ አይደለንም። ማትያስ በይሁዳ ምትክ በዕጣ እንደገባ በቤተ ክርስቲያን ሰምተናል፤ የኮንዶሚኒየም ዕጣም ስንቱን አስለቅሷል፣ ስንቱንም አስጨፍሯል። ዕቁባችን የሚሄደውም በዕጣ ነው። ነገር ግን ዕቁብ ላይ ዛሬ ያልደረሰው ነገ ይደርሰዋል፤ ዕጣው የሚወስነው ተራን ብቻ ነው። እዚህ ግን አንደኛው ወንበሩን ጠቅልሎ ወስዶ፣ ሌላኛዋ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ያም ሆኖ ወይዘሮ ሳይመንድስ ሳህኑን አልሰበሩም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽንፈታቸውን ተቀብለው ለቀጣዩ ምርጫ መዘጋጀት ያዙ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሪፐብሊካኖቹ ዓመታት ሙሉ «አይሆንም» ሲሉት የነበረ አንድ ጉዳይ ነበር፤ ሜዲኬይድ የተባለውን የድሆች የሕክምና መድን ማስፋት። ዕጣው አፈ ጉባኤነቱን ሰጣቸው፤ ኅዳር ላይ የተወሰደባቸውን 15 ወንበር ግን አልመለሰላቸውም። በየካቲት 2018 ከእነርሱ መካከል 19ኙ ከዴሞክራቶቹ ጋር ቆሙ፤ ሕጉም በዚያው ዓመት ጸደቀ። ወደ 400,000 ለሚጠጉ ሰዎች በር ይከፍታል የተባለ ሕግ ነው። ከእነዚያ መካከል ታክሲ እየነዳ፣ መኪና ማቆሚያ እየጠበቀ፣ ያለ መድን የሚኖር ወገናችን የለም የሚል ማነው?

ታሪኳ እዚህ አላበቃም። በግንቦት 2018 ዋሽንግተን ፖስት መዝገብና ካርታ አመሳክሮ ያገኘውን ጻፈ፤ ከሁለት ደርዘን በላይ መራጮች በመዝጋቢዎች ስህተት ያለ ወረዳቸው ድምፅ ሰጥተው ነበር። እኩል ለእኩል ያለቀን ምርጫ ለመለወጥ ከበቂ በላይ ናቸው። ያን ጊዜ ግን ዕጣው ወጥቷል። በዚያው ዓመት ፍርድ ቤት፣ ጥቁር መራጮችን በዘራቸው እየለዩ በጥቂት ወረዳዎች ውስጥ ያጨቁ ናቸው ብሎ የ11 ወረዳዎችን ወሰን ሻረ። የጎረቤቶቿ ድንበር ሲነካ የ94ኛዋም አብሮ ተለወጠ። በ2019 ሁለቱ ተፎካካሪዎች ለሦስተኛ ጊዜ ተገናኙ፤ በዚህ ጊዜ ሳህን አላስፈለገም፤ ሳይመንድስ በግልጽ አሸነፉ። ፓርቲያቸውም ምክር ቤቱን 55 ለ45 ያዘ። ያ ምክር ቤት በ2021 የሞት ቅጣትን ሻረ፤ በደቡብ ግዛቶች የመጀመሪያው ነበር። ቀጥሎ ካርታው እንደገና ሲሣል ኒውፖርት ኒውስ ሌላ ቁጥር ደረሳት። 94 የሚለው ቁጥር ደግሞ ውኃውን ተሻግሮ ኖርፎክ ገባ፤ ወደዚያች ልብስ ሰፊ ከተማ።

አንዳንዶች ይህን ታሪክ ሲሰሙ «አየህ፣ ሁሉም ዕድል ነው!» ይሉኛል። እኔ ግን እንደዚያ አይመስለኝም። ሳህኑ የወሰነው የመጨረሻዋን ደቂቃ ብቻ ነው። ድንበሩን የሣለው ሰው ነው። አድራሻ አሳስቶ የመዘገበው ሰው ነው። ከሥራ ሲወጣ ጣቢያው ጎራ ያለውም፣ «ደክሞኛል» ብሎ በበሩ አልፎ ወደ ቤቱ የገባውም ሰው ነው። ከዚያች ወረዳ ነዋሪዎች መካከል ያን ማክሰኞ ከቀሩት አንዱ ብቻ ብቅ ብሎ ቢሆን፣ ያ ሰማያዊና ነጭ ሳህን ከሙዚየሙ ባልወጣ ነበር።