የፒሪንግ ውዝግብ

የፒሪንግ ውዝግብ ሁለት የኢንተርኔት መረቦች ትራፊካቸውን በቀጥታ በሚለዋወጡበት ስምምነት ላይ ሳይግባቡ ሲቀሩ የሚፈጠር ግጭት ነው። ውዝግቡ ሲከር የአንዱ መረብ ደንበኞች በሌላው መረብ ላይ ያሉ ድረ ገጾችንና ሰርቨሮችን ጨርሶ ማግኘት ያቅታቸዋል፤ አለዚያም ግንኙነቱ በጣም ይንቀራፈፋል። ኬብል ሳይቆረጥ፣ ራውተር ሳይበላሽ ከኢንተርኔቱ ከፊሉ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ፒሪንግና ትራንዚት

ኢንተርኔት አንድ ባለቤትም ሆነ አንድ ማዕከል የለውም፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ራሳቸውን የቻሉ መረቦች ተያይዘው የሚፈጥሩት ነው። እያንዳንዱ መረብ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ለምሳሌ የኢትዮ ቴሌኮም 24757፣ የአሜሪካው ኮጀንት ደግሞ 174 ነው። መረቦቹ «እነዚህ አድራሻዎች በእኔ በኩል ይገኛሉ» እያሉ ለጎረቤቶቻቸው የሚያስታውቁበት ፕሮቶኮል ቢጂፒ ይባላል። አንድ ራውተር የሚያውቀው መንገድ ጎረቤቱ የነገረውን ብቻ ነው። ጎረቤቱ ለማን ምን እንደሚነግር የሚወስነው ግን በአብዛኛው የንግድ ውል ነው።

ውሉ ባጠቃላይ ሁለት ዓይነት ነው። በትራንዚት ውል አንዱ መረብ ለሌላው ገንዘብ ይከፍላል፤ በምላሹም ወደ መላው ኢንተርኔት ይደርሳል። በፒሪንግ ውል ሁለቱ መረቦች በአቻነት ይገናኛሉ፤ የሚለዋወጡትም የራሳቸውንና የደንበኞቻቸውን ትራፊክ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ክፍያ የለም። አንድ መረብ ከአንዱ አቻው የሰማውን መንገድ ለሌላ አቻው አይናገርም፤ ከተናገረ የሁለቱንም ትራፊክ በነፃ ሊሸከም ነውና።

ትልልቆቹ፣ በተለምዶ አንደኛ ደረጃ የሚባሉት መረቦች ከማንም ትራንዚት አይገዙም። የዓለምን ኢንተርኔት በሙሉ የሚያገኙት እርስ በርስ በፒሪንግ ነው። ስለዚህ ከእነርሱ ሁለቱ ሲለያዩ ትራፊኩን አዙሮ የሚያደርስ ሦስተኛ ወገን አይኖርም።

የጥሉ መነሻ

አብዛኛውን ጊዜ ጥሉ የሚነሳው ከሚዛን ነው። አንድ መረብ ወደ ሌላው ፓኬት ሲልክ በቅርብ ባገኘው መገናኛ ላይ አስረክቦ ይገላገላል። ከኒውዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ የሚሄድ ፋይል ኒውዮርክ ላይ ከተላለፈ አገር አቋርጦ የሚወስደው ተቀባዩ መረብ ነው። ሁለቱም ተመጣጣኝ መጠን ከላኩ ወጪው ይቻቻላል። አንዱ ብዙ ሰርቨሮችን፣ ሌላው ብዙ የቤት ተጠቃሚዎችን የያዘ ከሆነ ግን ትራፊኩ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። በዚህ ጊዜ ተቀባዩ «መስመሬን በነፃ እየተጠቀምክ ነውና ክፈል» ይላል። ላኪው ደግሞ ትራፊኩን የጠየቁት የተቀባዩ የራሱ ደንበኞች እንደሆኑና ዋጋውን አስቀድመው እንደከፈሉ ይመልሳል። ሁለቱም ክርክሮች እውነት አላቸው፤ ጉዳዩ በቴክኒክ ብቻ የማይፈታውም ለዚህ ነው።

ሌቭል 3 እና ኮጀንት

በጣም የታወቀው ውዝግብ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2005 የተፈጠረው ነው። ሌቭል 3 የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ ትራንዚት በርካሽ በመሸጥ ከሚታወቀው ከኮጀንት ጋር የነበረውን ነፃ ፒሪንግ አቋረጠ። ምክንያቱ የግንኙነቱ ጥቅም እኩል አይደለም የሚል ነበር፤ ኮጀንት ግን ለመክፈል ፈቃደኛ አልሆነም። ከሁለቱ አንዱም ከሌላ መረብ ትራንዚት ቢገዛ ግንኙነቱ ይቀጥል ነበር፤ ይሁን እንጂ አስቀድሞ የገዛ አስቀድሞ እንደተሸነፈ ይቆጠራል።

ዕዳው የወደቀው በደንበኛው ላይ ነው። ከሁለቱ በአንዱ ብቻ የተገናኘ ድርጅት በሌላው በኩል ላሉት የለም ማለት ሆነ፤ ኢሜይሉም ድረ ገጹም አይደርስም። ከሌላ አቅራቢ ተጨማሪ መስመር የነበራቸው ምንም አልሆኑም። ኮጀንት በሌቭል 3 ብቻ ለሚጠቀሙ ደንበኞች የአንድ ዓመት ነፃ አገልግሎት እሰጣለሁ ብሎ ጠቡን ወደ ገበያ ሽሚያ ቀየረው። መስመሩ ከጥቂት ቀናት በኋላ ለጊዜው ተመለሰ፤ በዚያው ወር መጨረሻም ሁለቱ በተሻሻለ ውል ተስማሙ።

ኮጀንት በዚህ አላበቃም። በማርች 2008 ከስዊድኑ ቴሊያ ጋር ለሁለት ሳምንት ያህል ተቆራርጧል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 30 ደግሞ ስፕሪንት ግንኙነቱን አቋርጦበት ከሦስት ቀን በኋላ መልሷል። የሚገርመው፣ ኮጀንት ያንኑ የስፕሪንት የመስመር ኢንተርኔት ንግድ በ2023 በአንድ ዶላር የመግዣ ዋጋ ጠቅልሎ ወሰደ።

ያልተበላው ልመና

ሁሪኬን ኤሌክትሪክ የተባለው መረብ በአይፒ ቨርዥን 6 ከኮጀንት ጋር ፒሪንግ ለመፍጠር ሲለምን ቆይቶ፣ በኦክቶበር 2009 ልመናውን ኬክ ላይ አስጽፎ አቀረበ። የኬኩ ፎቶ በመረብ ባለሙያዎች ዘንድ በሰፊው ተሰራጨ፤ ኮጀንት ግን እሺ አላለም። ክፍተቱ ከአሥር ዓመት በላይ ዘልቋል። ተራ ተጠቃሚ የማያስተውለው አብዛኞቹ መሣሪያዎች ወደ አይፒ ቨርዥን 4 ስለሚመለሱ ነው።

ሳይቆረጥ መጨናነቅ

ሁልጊዜ መስመር አይቆረጥም። ሁለቱን መረቦች የሚያገናኘው መስመር ሲሞላ ማስፋፋትን መከልከልም በቂ ነው። ኔትፍሊክስ በኮምካስት ደንበኞች ቤት በተለይ በማታው የመጨናነቂያ ሰዓት ይቆራረጥ የነበረው በዚህ ዓይነት ነው። በፌብሩዋሪ 2014 ኔትፍሊክስ ከፍሎ በቀጥታ ሲገናኝ ፍጥነቱ ተሻሻለ።

በአፍሪካ

በአፍሪካ ችግሩ ለረጅም ጊዜ የፒሪንግ መቋረጥ ሳይሆን ጭራሽ አለመኖሩ ነበር። ናይሮቢ ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አቅራቢዎች የሚለዋወጡት ኢሜይል በሳተላይት ውጭ አገር ደርሶ ይመለስ ነበር፤ ከፒያሳ መርካቶ ለመሄድ በደብረ ብርሃን እንደመዞር ማለት ነው። 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ሳተላይት ሁለት ጊዜ መውጣትና መውረዱ ለአንድ አቅጣጫ ብቻ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። የኬንያ አቅራቢዎች በ2000 መጨረሻ በናይሮቢ የጋራ የትራፊክ መለዋወጫ ማዕከል ከፈቱ። ቴልኮም ኬንያ ብቸኛ መብቴን ይጋፋል ብሎ በመክሰሱ ማዕከሉ ተዘጋ፤ ፈቃድ አግኝቶ ዳግም የተከፈተው በ2002 ነው።

በኢትዮጵያ እስከ 2022 ድረስ አንድ ኦፕሬተር ብቻ ስለነበረ በአገር ውስጥ ኦፕሬተሮች መካከል የፒሪንግ ጥያቄ አልነበረም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በዚያ ዓመት ሥራ ሲጀምር ጥያቄው ተከተለ፦ ከአንዱ ኦፕሬተር ደንበኛ ወደ ሌላው የሚሄድ ትራፊክ የሚገናኘው አገር ውስጥ ነው ወይስ ባሕር ማዶ?

ችግሩን መለየት

ተጠቃሚው ትሬስራውት በተባለው መሣሪያ ፓኬቱ የሚያልፍባቸውን ራውተሮች ማየት ይችላል። መንገዱ ከአንድ መረብ ወደ ሌላ ሲሻገር መዘግየቱ በድንገት ካሻቀበና እስከ መጨረሻው ከፍ እንዳለ ከቀጠለ፣ ወይም ከዚያ በኋላ ምንም መልስ ከሌለ፣ መገናኛውን መጠርጠር ተገቢ ነው። መካከል ላይ ያለ አንድ ራውተር ብቻ ቢዘገይ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ራውተሮች ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ቅድሚያ አይሰጡም። የመልሱ መንገድ ከመሄጃው ሊለይ ስለሚችል ፍተሻው ከሁለቱም ጫፍ መደረግ አለበት።