ስፍርና ሚዛን ከአዳማ ገበያ እስከ ወጥ ቤት

አማርኛ «ሰፈረ» እና «መዘነ» የሚሉትን ሁለት ግሦች ለይቶ ይጠቀማል። መስፈር አንድ ነገር ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ በመስፈሪያ መለካት ሲሆን፣ መመዘን ግን ክብደቱን ማወቅ ነው። ቋንቋው የለያቸውን እነዚህን ሁለት ሥራዎች የገበያና የወጥ ቤት ልማድ ሲያደባልቃቸው ኖሯል፤ ጉዳቱም ቀላል አይደለም።

በቀድሞው ዘመን እህል በቁና እየተሰፈረ በዳውላ ይቆጠር ነበር። ቡና በፈረሱላ፣ ወርቅ በወቄት ይመዘን ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው የእነዚህ መለኪያዎች መጠን ከአገር አገር ይለያይ ነበር። አሰፋፈሩም ሌላ ልዩነት ያመጣል፤ አንዱ ሰፋሪ መስፈሪያውን እስከ አፉ ሞልቶ በእጁ ሲጠርገው፣ ሌላው ቆልሎ ይሰፍራል።

የጅቡቲ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በመስመሩ ላይ ያሉት አዳማና ሞጆ የሩቅ ንግድ መገናኛ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዳማ አጠገብ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ ስኳሩም በኪሎና በኩንታል ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የሚዛንና የመለኪያ አዋጅ ደግሞ የሜትር ሥርዓትን የአገሪቱ ሕጋዊ መለኪያ አደረገው። ይሁን እንጂ በአዳማም ሆነ በመቂ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ ጣሳ፣ ኩባያና ስኒ ከሥራ አልወጡም፤ ከሚዛኑ ጎን ለጎን ዘለቁ።

ከዚህም አንድ ስሕተት ተወለደ፤ ይኸውም ሊትርን ከኪሎ ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር ነው። ሁለቱን ያስማማቸው ውሃ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1795 ግራምን ሲወስኑ መነሻቸው የንጹሕ ውሃ ክብደት ስለ ነበር፣ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሌላው ነገር ግን የየራሱ ክብደት አለው። አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም፣ ስኳር 850 ግራም፣ ደረቅ የጤፍ ፍሬ 800 ግራም፣ ማር 1,400 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሳይጠቀጠቅ የተሰፈረ የስንዴ ዱቄት ከ500 እስከ 600 ግራም ብቻ ነው፤ ሲጠቀጠቅ ግን በዚያው ዕቃ ውስጥ ክብደቱ ይጨምራል።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ በሕፃን ምግብ ላይ ያስጠነቅቃል። በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ በ1968 ያወጣው የምግቦች ይዘት ሰንጠረዥ የተሰላው በ100 ግራም ነው። እናት ግን የምትሰፍረው በኩባያ ነው። ሩብ ሊትር የሚይዘው ኩባያ 250 ግራም ዱቄት ይይዛል ብሎ የሚያስተምር ባለሙያ፣ ለገንፎው ካሰበው ዱቄት ግማሹን ያጎድላል፤ ጉድለቱም በሕፃኑ ሰውነት ላይ ይታያል።

መፍትሔው ኩባያውን መጣል አይደለም። ትምህርቱ በሚሰጥበት ቤት ያለውን ያንኑ ኩባያ፣ በዚያው ገበያ በተገዛው ዱቄት ሳይጠቀጥቁ ሞልቶ ጠርጎ፣ የባዶውን ዕቃ ክብደት ቀንሶ መመዘንና መጻፍ ነው። ለእያንዳንዱ እህልና ቅመምም እንዲሁ ለብቻው ይደረጋል። አዋጁ ኪሎንና ሊትርን ለአገሩ ሁሉ አንድ አድርጓል፤ አንዱን ወደ ሌላው መመለስ ግን ዛሬም ሚዛን ይዞ ወደ ወጥ ቤት የሚገባውን ባለሙያ ይጠብቃል።