ከሽቦ ጩኸት እስከ ብርሃን ክር

ያን ድምፅ ታስታውሱት ይሆን? መጀመሪያ እንደማንኛውም ስልክ ይደውላል። ቀጥሎ ያፏጫል፤ ከዚያም በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይንሿሿል፤ በመጨረሻ ድንገት ጸጥ ይላል። ያ ጸጥታ የምሥራች ነበር፤ «ተገናኝታችኋል» ማለት ነበርና። ዛሬ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ ፊልም የሚያይ ወጣት ይህን ድምፅ አያውቀውም። የቤት ኢንተርኔት ታሪካችን ግን የሚጀምረው ከዚያ ጩኸት ነው።

ወሬን በሽቦ መላክ ለወሎ እንግዳ አልነበረም። ጣልያኖች ከ1894 እስከ 1896 ዓ.ም. ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ የዘረጉት የቴሌግራፍ መስመር የወሎን ምድር አቋርጦ ያልፍ ነበር። ኢንተርኔት ደግሞ ከዘጠና ዓመት በኋላ መጣ። በ1980ዎቹ አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የተባለው የመረጃ ፕሮጀክት የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤዎችን እያጠራቀመ በስልክ ጥሪ ወደ ውጭ ይልክ ነበር። ሙሉው የኢንተርኔት አገልግሎት በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። የክፍለ ሀገር ከተሞች ተራቸውን ጠበቁ።

ለመሆኑ ጩኸቱ ምን ነበር? የስልክ መስመር የተሠራው ለሰው ድምፅ ነው፤ የስልክ ጥሪም በሰው ድምፅ ልክ ያለውን ሞገድ ብቻ ያሳልፋል። ስለዚህ ሞደም የሚባለው ዕቃ የኮምፒዩተሩን ቁጥሮች ወደ ድምፅ ለውጦ ይልካል፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሞደም ድምፁን መልሶ ቁጥር ያደርገዋል። የምንሰማው ሁለቱ ሞደሞች በምን ፍጥነት እንደሚነጋገሩ ሲደራደሩ ነው። ድርድሩ ቢያምር ቢያምር ከ56 ኪሎቢት በሰከንድ አያልፍም፤ ባረጀ ሽቦ ላይ ደግሞ የዚያን ግማሽ ማግኘትም ዕድል ነው።

በዚያ ዘመን የቤት ስልክ ራሱ የጥቂቶች ነበር፤ ብዙው ሰው ኢንተርኔት ቤት ሄዶ በደቂቃ እየከፈለ ይጠቀማል። ስልክና ኮምፒዩተር በነበሩበት አንድ የደሴ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ጂዳ የምትሠራ ልጅ ለእናቷ ፎቶግራፍ ልካለች። አንድ ሜጋባይት የሚሆን ምስል መስመሩ ጤነኛ ቢሆን ሁለት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፤ ያን ቀን ግን መስመሩ ጤነኛ አልነበረም። ምስሉ ከላይ ወደ ታች በቀጭን በቀጭኑ ይወርድ ጀመር፤ መጀመሪያ ሻሽ፣ ቀጥሎ ግንባር፣ ቀጥሎ ዓይን። እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይጠብቃሉ። አፍንጫዋ ጋ ሲደርስ ከሳሎን አንድ ሰው ሳያውቅ ስልኩን አነሳው፤ መስመሩ ተቋረጠ። እንደገና እንሞክር ብንላቸው «ተዉት ልጆቼ፣ ዓይኗን አይቻለሁ፤ ደህና ናት» አሉን።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የቁጥር ሩጫ ነው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ኤዲኤስኤል መጣ፤ በዚያው የመዳብ ሽቦ ላይ ከሰው ድምፅ በላይ ያለውን ሞገድ ስለሚጠቀም ስልኩም ኢንተርኔቱም ሳይጣሉ አብረው ይሠሩ ጀመር። በ1999 ዓ.ም. ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ውል ተፈርሞ የአገሪቱ ኔትወርክ ተስፋፋ። በ2000ዎቹ መባቻ ኮምፒዩተር ላይ የሚሰካው የሲዲኤምኤ ዶንግል ሽቦ ላልደረሰለት ቤት ደረሰለት። በ2001 ማብቂያ ሲኮም የተባለው የባሕር ሥር ገመድ የምሥራቅ አፍሪካን ዳርቻ ከአውሮፓና ከሕንድ ጋር አገናኘ፤ ባሕር የሌላት አገራችንም ከዓለም ጋር የምትገናኘው በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ሆነ። ኮምቦልቻ ይህን ነገር ከድሮ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ መጀመሪያ ከአሰብ፣ ኋላ ከጅቡቲ የሚመጣውን ጭነት የምትቀበል ከተማ ናትና። በነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም የብሮድባንድ ዋጋን 54 በመቶ ሲቀንስ ነገሩ ወደ ተራው ቤት ቀረበ። ዛሬ ፋይበር በገባለት ቤት ቁጥሩ እንደ ድምፅ ሳይሆን እንደ ብርሃን ይጓዛል። በ10 ሜጋቢት መስመር ያ የጂዳው ፎቶግራፍ አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅም።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ነገር ግን በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ከተሞቹ በትግራይ ኃይሎች እጅ በቆዩባቸው ሳምንታት፣ እስከ ኅዳር 27 ድረስ፣ ስልኩም ኢንተርኔቱም ዝም አለ። እንደገና በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ መዘጋቱም ለወራት ዘለቀ።

በዚያ ኅዳር አዲስ አበባ፣ ጂዳ፣ ቤይሩት፣ ዋሽንግተን ያለ የወሎ ልጅ ሁሉ ስልኩን በእጁ ይዞ አደረ። ሜጋቢት አልፈለገም፤ ፎቶግራፍም አልፈለገም። የፈለገው «አብሽሩ ደህና ነን» የሚል ቃል ነበር። እስቲ እንቁጠረው፤ ዘጠኝ ፊደል ነው። አንዱ የአማርኛ ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ዘጠኙ ፊደላት 27 ባይት ናቸው። ያ የሚጮኸው፣ የሚያንቀላፋው፣ የተሳቀበት አሮጌ ሞደም ይህችን ቃል ከሰከንድ አንድ መቶኛ ባነሰ ጊዜ ያደርሳት ነበር።

የፍጥነት ታሪክ ሁልጊዜ የሚጻፈው በትልቁ ቁጥር ነው፤ 56፣ 512፣ 10 ሜጋ እያልን ሽቅብ እንቆጥራለን። በደሴና በኮምቦልቻ ግን አንድ ሌላ ቁጥር ከሁሉ ይበልጥ ይታወሳል፤ እርሱም ዜሮ ነው። ከዜሮ አጠገብ ሲቆሙ ዘገምተኛው ሁሉ ፈጣን ነበር። የእነዚያ እናት ዓይን ባየ ጊዜ የተናገሩት እውነት አሁን ይገባኛል፤ መስመር ማለት የደህንነት ወሬ የሚያልፍበት ነው። ብርሃኑም ሽቦውም ለዚያ ይክበሩ።

ቸር ወሬ ያሰማን።