የትኩስ ዓሣ ዋጋና የሕዝብ ልማድ

ጨው በአሞሌ ተጠርቦ፣ ወርቅም በከረጢት ተቋጥሮ ሩቅ አገር ይሄዳል። ትኩስ ዓሣ ግን ቶሎ ስለሚበላሽ፣ ዋጋውን በጥንት ዘመን የሚቈርጠው በውሃው ዳር የሚኖረው ሕዝብ ልማድ ነበር። ይህ ልማድ በተለወጠ ጊዜ የሚሆነውን የቱና ዓሣ ታሪክ በግልጥ ያስረዳል።

በጃፓን አገር፣ በኤዶ ዘመን (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1603 እስከ 1868)፣ ቱና የተናቀ ዓሣ ነበር። ቀዩ ሥጋ በአኩሪ አተር መረቅ ተነክሮ ይበላል፤ የሰባው ክፍል ግን ፈጥኖ ስለሚሸት ድመት እንኳ ተራምዳው ታልፋለች ይባልለት ነበር። በሰሜን አሜሪካም ምሥራቃዊ ጠረፍ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ትልቁ ቱና የሚጠመደው ይልቁንም ለስፖርት ነበር። ከዚያ በኋላ ይቀበራል፤ ወይም ለድመት ቀለብ በርካሽ ይሸጣል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን ውስጥ ማቀዝቀዣ ተስፋፋ፤ ሕዝቡም የሰባ ሥጋ መውደድን ለመደ። የጃፓን አውሮፕላኖችም ወደ አሜሪካ ዕቃ አድርሰው ባዶአቸውን ይመለሱ ስለ ነበር፣ በ1972 ከካናዳ የፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት የተጠመደ ቱና በአየር ተጭኖ በቶኪዮ ገበያ ተሸጠ። በጥር ወር 2019 በቶዮሱ ገበያ 278 ኪሎ የሚመዝን አንድ ቱና 333.6 ሚሊዮን የን አወጣ። የዓመቱ የመጀመሪያ ጨረታ ለስም የሚከፈልበት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ቀድሞ ለተጣለው ዓሣ ይህን ክብር የሰጠው ልማድ ነው።

ክብሩ ግን ለዓሣው ጥበቃ አልሆነውም። የአትላንቲክ ቱና ቍጥር እጅግ አነሰ፤ በምሥራቁ ክፍል ያገገመውም መንግሥታት የሚጠመደውን መጠን በብርቱ ከወሰኑ በኋላ ነው።

በጣና ሐይቅም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ወይጦዎች ከደንገል በተሠራ ታንኳ በዳርቻው ያጠምዱ ነበር፤ ጉማሬ በመብላታቸውም ጎረቤቶቻቸው ይጸየፏቸው ነበር። ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ሲገባ የሐይቁ ዓሣ፣ በተለይ በጾም ወራት፣ ሰፊ ገበያ አገኘ። ነገር ግን በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞች የሚወጡት ዓሦች በወንዙ አፍ በመረብ እየተያዙ በ1990ዎቹ ተመናመኑ።

እንግዲህ የዓሣ ዋጋ ከፍ ማለቱ ብቻውን በረከት አይደለም። ገበያው ከሥርዓቱ ቀድሞ በሚደርስበት ውሃ፣ ዋጋው ሲወጣ ዓሣው ሊመናመን ይችላል፤ ጕዳቱም ዓሣው ርካሽ በነበረበት ዘመን ከእርሱ በኖረው ሕዝብ ላይ ሊደርስ ይችላል።