የመኪና ደም

ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ታርጋ። በ1964 ዓ.ም. ማክሰኝት ላይ ረዳት ሆኜ ኤንትሬ ካሚዮን ላይ ስሰቀል መጀመሪያ የያዝኳቸው ቃላት እነዚህ ናቸው፤ ሁሉም የጣሊያን ናቸው። መኪና ሰው ሲገጭ የምንናገራቸው ግን የአባቶቻችን ናቸው፦ ደም፣ ደመኛ፣ ካሳ፣ ዕርቅ። በዚሁ በማክሰኝት መንገድ ስመላለስ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። ሹፌር ሲጠፋ ያየሁት ደሙን ፈርቶ ሕጉን ሲረሳ፣ ወይም ሕጉን ጨርሻለሁ ብሎ ደሙን ሲረሳ ነው።

መኪና ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ ነው። ወደ እኛ ወደ ጎንደር አገር የካሚዮን መንገድ ያመጣው ግን በመጋቢት 1928 ጎንደርን የያዘው ጣሊያን ነው፤ የሊማሊሞን ገደል ቆፍሮ ጎንደርን ከአስመራ አገናኘ። በኅዳር 1934 እዚያው ጎንደር ላይ ተሸንፎ ሲወጣ መንገዱ ቀረ፣ ካሚዮኑ ቀረ፣ ቃላቱም ቀሩ። በ1943 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከአዘዞ በጠዳ፣ በማክሰኝት፣ በእንፍራዝ አድርጎ ወደ አዲስ ዘመን የሚወርደው የእኛ መንገድ በልጅነቴ ጠጠር ነበር። ገበያ ሲውል ሽምብራ የጫነ አህያና በግ የሚነዳ ልጅ መሀል መንገዱን ይዞት ይሄዳል። ሰዉ መንገዱን የሚያውቀው የራሱ አድርጎ ነው። ካሚዮኑ ከእሱ በኋላ የመጣ እንግዳ ነበር።

እንግዳው ሰው ሲገድል በምን ይዳኝ? ፍትሐ ነገሥት አውቆ የገደለንና ሳያውቅ የገደለን ይለያል። በገጠሩ ግን ሟች ወንድም አለው፣ ወንድምም ጠመንጃ አለው። አባቴ አስታራቂ ሽማግሌ ነበርና ይህን ጨዋታ ደጋግሞ ይነግረን ነበር፦ አንድ ልጅ ከዛፍ ላይ ወድቆ ከሥር የነበረውን ልጅ ገደለ። የሟች ዘመዶች ነፍስ በነፍስ አሉ። ዳኛው "መልካም፤ ገዳዩ ከዛፉ ሥር ይቀመጥ፣ ከእናንተም አንዱ ወጥቶ ይውደቅበትና ይግደለው" ብሎ ፈረደ። የሚወድቅ ጠፋ፤ ካሳ ተቀበሉ። አባቴ የመኪና ደም ሲያስታርቅ ከዚህ ጨዋታ ነበር የሚነሣው።

በዚያው በ1964 ክረምት መግቢያ ላይ፣ ከእንፍራዝ ስንመለስ፣ የኔ ሹፌር አንድ እረኛ ገጨ። ልጁ ጥጃ ሊመልስ ዘሎ ገብቶ ነው። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፣ መኪናው ቆመ። ከኋላ ጭነት ላይ የተሳፈሩት "ንዳው! ይገድሉሃል!" ብለው ጮኹ። ከማሳው እሪታ ተነሣ። ነዳው። ማክሰኝት ፖሊስ ጣቢያ ደርሶ እጁን ሰጠ። እጁን መስጠቱ ደግ ነበር፤ ልጁን ግን ጥሎት ሄደ። ልጁ ወዲያው አልሞተም ነበር። አባቱ በቃሬዛ ሲያመጡት መንገድ ላይ አለፈ። እኔ ከጋቢናው ወርጄ ላነሣው እችል ነበር፤ የ16 ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አልወረድኩም። እስከ ዛሬ ያንን ቦታ ሳልፍ ማርሽ እቀንሳለሁ።

ጎንደር ችሎት ላይ ሁለት ሕግ ሲሠራ አየሁ። በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሹፌሩን ያዘው። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ባለመኪናውን ያዘው። ባለመኪናው "እኔ ቤቴ ተኝቼ ነበር" ብሎ ተከራከረ። አንቀጽ 2081 ግን ይህን አይሰማም፦ መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፣ የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። በዚሁ ሕግ ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ያን ጊዜ ብዙ ነበር። ቁጥሩ ዘመን ሲያልፍበት አለመታደሱ ያሳዝነኛል፤ ለልጅ ኀዘን እንደዚያ ያለ ጣሪያ ማበጀት ፍትሕ አይመስለኝም።

ሹፌሩ ሁለት ዓመት ታስሮ ወጣ። ግን በማክሰኝት ማለፍ አልቻለም፤ ጨርሻለሁ ያለው ደም ገና አልደረቀም። አባቴና ሁለት ቄሶች ገቡበት። ሹፌሩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ከነዘመዶቹ በሟች አባት ደጅ ወደቀ። አባትየው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ የጠየቁት ስለ ገንዘብ አልነበረም። "ስትሄድ ልጄ ያይህ ነበር?" አሉት። ሹፌሩ አዎ አለ። በመስቀል ታረቁ። የተከፈለውን ካሳ አላስታውስም፤ ያችን ጥያቄ ግን አስታውሳለሁ።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ብዙ ተለውጧል። በግንቦት 1997 በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 543፣ ሹፌርን ከሐኪም ጋር አንድ ላይ ስሙን ጠርቶ በቸልተኝነት ለገደለው ሰው ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ይጥልበታል። ሁለት ሰው ከሞተ፣ ወይም ጠጥቶ ከሆነ፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ዕርቅ ይህን ክስ አያቋርጥም፤ ሽማግሌ ጨርሷል ብሎ ችሎት የቀረ ሹፌር ተሳስቷል። ያው ሕግ በአንቀጽ 82 ግን የተጎዳውን የረዳ፣ ጥፋቱን ያመነ፣ እጁን የሰጠ፣ የሚችለውን የካሰ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት ያዛል። አባቴ ይህን አንቀጽ አላነበበም፤ ሲሠራበት የኖረው ግን ይህንኑ ነው።

የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነው በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ነው። ከዚያ በፊት መድን ያልገባ ባለመኪና ካሳ የሚከፍለው መኪናውን ሸጦ ነበር። በ2005 የተካው አዋጅ ቁጥር 799 በወጣበት ጊዜ ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር ደነገገ፤ ገጭቶ ያመለጠ መኪና ለጎዳው ሰውም ከመድን ፈንድ እንዲከፈል አደረገ። ሐኪም ቤት ገንዘብ ካላስያዝክ አላክምም የሚልበት ምክንያት በሕግ ቀርቷል። ይህን የመንገዳችን ገበሬ ሊያውቀው ይገባል። የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ እንደሚታገድም ይወቅ።

አንተ ወጣት ሹፌር፣ ቅጥቅጥ አውቶቡስም ያዝ አልቃይዳ የሚሉትን የጭነት መኪና፣ ከኋላህ "ንዳው" የሚል ሰው አይጠፋም። ቁም። የወደቀውን አንሥተህ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰድ፣ ከዚያ እጅህን ስጥ። ትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ሲያነሣ ያየኸውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገር። ሽማግሌ ለመላክም አርባው እስኪወጣ አትጠብቅ።